በቁሙ የተለቀሰለት እንደራሴ

አባቴን ፓርላማ የላከው የታች ጋይንት ገበሬ የፈለገው ድልድይ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሞላ ወንዝ አለብን፤ በየዓመቱ ሰው ወይም በሬ ሳይበላ አይጎድልም። ስለዚህ አርብ ገበያ ላይ ሰው ተሰበሰበና፣ «አንተ አፍ አለህ፤ ቅኔም ትዘርፋለህ፤ ሂድና ድልድይ አምጣልን» አለው። አባቴም ሄደ። ከርሞ ግን የሰማነው ወሬ፣ የኛ እንደራሴ በምክር ቤቱ መካከል ቆሞ ስለ ቴሌቪዥን ሲከራከር ዋለ የሚል ነው። ቴሌቪዥን ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። አንዳንዱ የድልድይ ዓይነት መስሎት ደስ ብሎት ሰነበተ።

እኔ በዚያ ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ፈት ነበርኩ። ለስማዳ ሰው ተድሬ፣ ከባሌም ከአማቴም ጋር አልስማማ ብዬ፣ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ ከአያቴ ጋር እኖር ነበር። እናቴ በልጅነቴ ትታኝ አርፋለች። አያቴ የአባቴ እናት ናት፤ የወለደቻቸውን ሁሉ ቀብራ የቀረላት እሱ ብቻ ነው። አባቴ አዲስ አበባ በከረመ ጊዜ እሷ ለሱ ሳትጸልይ እህል አትቀምስም። ጠብ ይወዳል የሚባለው ጠባዬ ከሷ ፊት ሲደርስ ይበርድልኝ ነበር፤ አንድ ልጅ ብቻ የቀረለትን ሰው መቆጣት አይሆንልኝም።

አባቴ ለክረምት እረፍት ሲመጣ ቤታችን ሰው ይሞላል። የመጣው ሁሉ ድልድዩን ይጠይቃል፤ እሱ ቴሌቪዥን የሚሉትን ሳጥን ይተርካል። ያየው አንድ ሹም ቤት ተጋብዞ ሄዶ ነው። በሁለት ክንድ የሚታቀፍ ሳጥን፣ ፊቱ መስተዋት፣ ውስጡ ሰው።

«ሰዎቹ ምን ያደርጋሉ?» አሉት የነፍስ አባታችን። ሽማግሌ ቄስ ናቸው፤ ነገር ሲገባቸውም ሳይገባቸውም ራሳቸውን የሚነቀንቁት እኩል ነው።

«ፈረንጆች ናቸው አባ። ባርኔጣ አድርገው ፈረስ ይጋልባሉ፤ ይታኮሳሉ። የአዲስ አበባ ሰው ቁጭ ብሎ የሰው አገር ፈረስ ያያል። ምነው፣ ፈረስ እኛ ዘንድ ጠፋ?»

«ታዲያ አንተ ምን አልካቸው?»

«የኛ አውድማ ይታይ፤ የኛ ጉግሥ ይታይ፤ የኛ ሙግት ይታይ፤ የሚሠራውም በራሳችን ሰው ይሁን አልኩ። ግማሹ ሳቀብኝ። ያንተ ሰዎች ኩራዝ እንኳ የላቸውም፣ በምን ሊያዩት ነው? አሉኝ።»

«እውነታቸውን ነው» አሉ ቄሱ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

«እኛ እንድናይ እኮ አይደለም አባ። እኛ እንድንታይ ነው። መልኩን የማያውቁት ሰው ድልድይ ቢለምን ማን ይሰጠዋል?»

እኔ እሱ ሲናገር ሙሉ በሙሉ አምነዋለሁ፤ በቅሎው ላይ ወጥቶ ከዓይን ሲሰወር ደግሞ እምነቴ አብሮት ይሄዳል። አፉ በቀረበበት ሁሉ ነገሩ እውነት ነው፤ አፉ ሲርቅ ወንዙ ይሞላል። ሰዉ ከኋላው «ባለ ሳጥኑ» እያለ ያወራ ጀመር። ስድብ ይሁን ቁልምጫ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አንድ ቀን ፊልም የሚያነሱ ሰዎች ይዞ እንደሚመጣ ነግሮን ነበር። መቼ እንደሆነ አልተናገረም። እኛም የመኳንንት ተስፋ ነው ብለን ተውነው።

እህሉ ተወቅቶ ጎተራ የገባበት ሰሞን ነበር። በኛ አገር ቅቤ ሰብስቦ በወሎ በኩል ደሴ፣ ከደሴም በጭነት መኪና አዲስ አበባ የሚወርድ ነጋዴ ነበረ። ከዚያ መንገዱ ሲመለስ ወደ ቤቱ ሳይገባ በቀጥታ ቄሱ ዘንድ ሄደ። ምን እንዳላቸው እኛ አልሰማንም፤ የሚመለከተው ሰው መጨረሻ ነው የሚሰማው።

መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሌሊቱን ይተኛ፣ ቀኑ ግን ሙሉውን ለልቅሶ ይቅርለት ተብሎ ይመስለኛል። በሩን ስከፍት ደጃችን በሰው ተሞልቷል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አያቴ ከኋላዬ መጥታ ሰዉን አየች፤ ቄሱን አየች።

«የቀረኝ አንድ ነው» አለች፤ «ማንን ብላችሁ መጣችሁ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ ሞክሬ ትቼዋለሁ። አያቴ ደረቷን ስትመታ የነበረው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል፤ ይበቃል።

ልቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል ነጋዴውን ጥግ ጠርቼ ያዝኩት። እኔ እንባዬ ከዓይኔ ሳይደርቅ የምከራከር ሰው ነኝ።

«ሬሳውን በዓይንህ አየህ?» አልኩት።

«ሬሳቸውን አላየሁም እቱ። መልካቸውን ነው ያየሁ።»

«የት?»

«አዲስ አበባ፣ ከአንድ ሱቅ መስተዋት ውስጥ አውጥተዋቸዋል። ሰዉ መንገድ ላይ ቆሞ በዝምታ ያያቸዋል። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ የያዘም ነበር።»

በኛ አገር የሰው መልክ ከሰውየው ተለይቶ አደባባይ የሚወጣው ሰውየው ሲሞት ነው። ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው ከሆነ ፎቶግራፉን ዘመድ ደረቱ ላይ አቅፎ በልቅሶው መካከል ያዞረዋል። ከሌለው በቅሎው፣ ጠመንጃው፣ ልብሱ ይወጣል። በሕይወት ያለን ሰው ምን ብሎ ማን ያወጣዋል? እሱ ራሱ ይወጣ የለም ወይ? ነጋዴው ሌላ ሊገምት የሚችለው ነገር አልነበረም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እገምት ነበር።

«መልካቸው ይናገር ነበር?» አልኩት፤ አባቴ የተረከልንን አስታውሼ።

«ይናገር ነበር።»

«የሚናገርን ሰው ሞተ ትላለህ?»

«ድምፃቸው አለ፤ እሳቸው ግን የሉም። ጌታዬ እንደምን ሰነበቱ ብዬ እጅ ነሣሁ። በላዬ ላይ አሻግረው አዩ እንጂ አልመለሱልኝም። አባትሽ ሰላምታ የሚነፍጉ ሰው ናቸው?»

አይደለም። አባቴ አህያ ነጂ እንኳ ሰላም ቢለው ከበቅሎ ወርዶ የሚመልስ ሰው ነው፤ ለምርጫም ጠቅሞታል።

«ቀለማቸውም አመድ ነው» አለኝ ነጋዴው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኋላ እሳቸውን አነሡና በገና ሲደረደር አሰሙን። ቤታቸው ሄጄ ነበር፤ ተዘግቷል። ጎረቤት ብጠይቅ አናውቅም አሉኝ። ከተማ ነዋ፣ ማን ማንን ያውቃል።»

ሮጬ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። አባቴ ራሱ ስለ ሳጥኑ የነገረንን አስታወስኳቸው፤ የፈረንጆቹ ፈረስ አዲስ አበባ ሳይመጣ መልኩ ብቻ እንደሚመጣ፣ ስለዚህ የሱም መልክ ሳይሞት ሊወጣ እንደሚችል። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነዚያ ፈረንጆች እንግዲህ በሕይወት እንዳሉ አባትሽ ጠይቆ ነበር?» አሉኝ። እውነትም አልጠየቀም።

ወረዳው ጽሕፈት ቤትም ሄጄ ነበር። ጸሐፊው ምንም እንዳልሰማ ነገረኝና፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «መንግሥት የእንደራሴን ሞት የሚናገረው ምትኩን ሲያገኝ ነው» አለኝ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። እኔ ግን የጨመርኩት መላ ሁሉ ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጎትተኝ ነበር። ጠዋት ስነሣ የለም፣ አልሞተም እላለሁ። አያቴ ያደረችበትን መደብ ሳይ ሞቷል እላለሁ። ያልሞተ ሰው እናት እንዲህ አትሆንማ።

አርብ ለት በገበያው ልቅሶው ለሰኞ ተለፈፈ።

ሰኞ ዕለት የመጣው ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ ከላይ ጋይንት፣ ዘመድ የሆነውም ያልሆነውም ወረደ። የፈታሁት ባሌ እንኳ መጥቶ፣ እኔን በትዳሩ ዘመን ካናገረኝ ቃል ሁሉ የበለጠ ለአባቴ አለቀሰ። የአባቴን መቀመጫ ሲመኝ የኖረ አንድ ባላባት ነበር፤ ድምፁ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር። ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም። ስለ ድልድዩ ያነሣ የለም። በሕይወቱ ባለ ሳጥኑ የተባለው ሰው ያን ቀን አንበሳ፣ ዋርካ፣ የአገር ምሰሶ ሆኖ ዋለ።

ልቅሶው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ሜዳ ላይ ነበር። መጀመሪያ በቅሎዋ ወጣች፤ ኮርቻዋ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተጥሎባት። አያቴ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ልጓሟን ያዘች። በጉልበቷ አልነበረም የቆመችው፤ እኔ እንጃ በምን እንደነበር።

በቅሎህ ተጫነች ልጓሟን ነክሳ፣
መንገዱ ሩቅ ነው ልጄ ተነሣ።

ሜዳው በአንድ ድምፅ ተቀበላት። ቀጥሎ ጠመንጃው ወጣ፤ አንድ የአጎት ልጅ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞት። አያቴ ጠመንጃውን እየዳሰሰች እንዲህ አለች፦

ጠመንጃው መጣልኝ፣ ጌታው የት ወደቀ፣
ትከሻ ለምዶ ነው እንዲህ የደመቀ።

እኔ ፊቴን ልጠርግ ቀና ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ከሜዳው ጫፍ፣ ከዳገቱ ላይ፣ ከአንዲት ወይራ ሥር ሰዎች ቆመዋል። አንዱ ባርኔጣ አድርጓል። ከፊቱ ሦስት እግር ያለው ነገር ተክሎ፣ በላዩ ላይ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ያያል። ሌላው ትንሽ ሳጥን በትከሻው አንግቶ፣ ዱላ የመሰለ ነገር ወደኛ ቀስሯል። በመካከላቸው አባቴ ቆሟል።

አልጮኽሁም። የምጮኽበት ምክንያት አልታወቀኝም። ለሞተ ሰው እያለቀስኩ ሳለ የሞተው ሰው ቆሞ ሲያየኝ፣ ያበድኩት እኔ መሰለኝ። አጠገቤ ያለችውን ሴት አየኋት፤ ደረቷን እየመታች ነው። እንደገና ወደ ዳገቱ አየሁ። አባቴ አሁንም አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን፤ እጁን አንሥቶ መዳፉን አሳየኝ፤ ቆዪ ማለቱ ነበር።

የሞተ ሰው ቆዪ ሲል ምን ይደረጋል? በሰዉ መካከል እየተጋፋሁ ዳገቱን ወጣሁ። ከፊቱ ስደርስ ላቤንና እንባዬን መለየት አልቻልኩም።

«አባባ፣ ሞተዋል ወይስ አልሞቱም?» አልኩት።

«ዝም በይ ልጄ። ለማን እንደሚለቀስ መጀመሪያ አላወቅሁም ነበር፤ በቅሎዋን ሳይ ነው የገባኝ።» ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «ትንሽ ብቻ ታገሺኝ። እንዲህ ያለ ነገር ተለምኖም አይገኝ። ይህን ያየ ሰው ከእንግዲህ በኛ ላይ አይስቅም።»

ሰውዬው በላዩ ጎንበስ ያለበት መሣሪያ ድንጋይ እንደያዘ ወፍጮ ይንገጫገጭ ነበር። አባቴ የሚያለቅሰው ለእናቱ ነው፣ ለራሱ ነው ወይስ ከደስታ ነው? ይህን ጥያቄ ያን ጊዜም አልመለስኩትም። እጁን ያዝኩት። እጁ ሞቃት ነው። ሞቃት መሆኑን ሳውቅ ቁጣ ያዘኝና፣ የሕዝብ እንደራሴ መሆኑንም አባቴ መሆኑንም ረስቼ ቁልቁል ጎተትኩት። መጀመሪያ እንቢ አለ፤ ወደ መሣሪያው ዘወር ብሎ አየ። ኋላ ግን መጣ፤ መጥቶም ከኔ ቀድሞ ሮጠ።

ከታች ልብሱን፣ ያን ለክብር ቀን ብቻ የሚለብሰውን ካባ፣ ከተቀመጠበት አውጥተው ሊዘረጉ ነበር። ሰዉ የልብሱን ባለቤት ሲያየው ሜዳው ለሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ ሸሸ። አንዳንዷ ሴት በስመ አብ እያለች ተቀመጠች። መቀመጫውን ሲመኝ የነበረው ባላባት አፉን እንደከፈተ ድምፁ ብቻ ቆመ። አያቴ አልሸሸችም። ወደሱ ሄዳ ፊቱን በሁለት መዳፏ ዳሰሰችው፤ ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን። ከዚያ፣ «ምሳ በልተሃል?» አለችው።

ግራ መጋባቱ የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። የመጣው ሰው ምን ይሁን? የተደገሰው ንፍሮ፣ የተጣለው ጠላ፣ የተለቀሰው እንባስ? በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ብለው አንዳንድ ሽማግሌዎች ተቆጡ። ሌሎቹ ደግሞ ልቅሶ የደረሰን ሰው ሳያበሉ መስደድ ነውር ነው አሉ። ከእስቴ የመጡት ዘመዶች ሊስቁ ፈልገው ቄሱን ያያሉ። ቄሱም ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ ነቀነቁና ፈረዱ። «የጥንቱ አዛውንት በቁሙ ተዝካሩን አውጥቶ ደሀ ያበላ የለም ወይ? ይህም እንዲያው ነው። የቁም ተዝካር ይሁንለት፤ ጸሎቱን እኛ እናደርሳለን፤ እናንተ ብሉ።» ሰዉ እፎይ ብሎ ተቀመጠ። አባቴም ከመካከል ተቀምጦ የራሱን ተዝካር በላ። ሲበላ ደህና አድርጎ ነው የበላው።

በማዕዱ ላይ አያቴ፣ «ለመሆኑ መቼ ደረስክልኝ?» ብላ ጠየቀችው።

እኔ የማቀርበውን ሳህን ይዤ ቆምኩ።

«ልብሴ ሲወጣ ነው እማዬ» አለ። «ከወዲያ ማዶ ሆኜ ሲያለቅሱ ብሰማ ሮጥኩ።»

ፊልም የሚያነሱት ሰዎች ከጎኑ ተቀምጠዋል፤ ወደ እንጀራቸው አቀረቀሩ። እኔም ዝም አልኩ። ያን ሰዓት ብታዩ ኖሮ እናንተም ዝም ትሉ ነበር፤ አያቴ በአንድ ቀን ሃያ ዓመት ተመልሳ ወጣት ሆናለች።

ከዚያ ወዲያ ይህ ቃል የአያቴ ሀብት ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ትናገረዋለች። አርብ ገበያ እህል ስታስሰፍር ለማታውቀው ሰው ትናገረዋለች። «ልብሱን ሊዘረጉ ሲሉ ደረሰልኝ። ድምፄን ከማዶ ሰምቶ አላስችለው ብሎ ሮጠ። አንጀቱ እንዲህ ነው የኔ ልጅ።» ስትናገረው እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ልጆቿን ሁሉ የቀበረች ሴት አንዱ ከሞት መልስ ለድምፅዋ ሮጦ መጣላት፤ ከዚህ በላይ ምን አላት። እኔ አጠገቧ ቆሜ የሌላ ሰው ምስጢር አፌ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ይገላበጥብኝ ነበር። አውጥቼ ብናገር እሷን እገድላለሁ፤ ውጬ ብቀር እሱን አተርፋለሁ። እሱን ለማትረፍ ደግሞ ፍላጎት አልነበረኝም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ በቅሎ ሲጫን፣ «ያነሣችሁትን ምን ልታደርጉት ነው?» አልኩት።

«ይታያላ» አለኝ። «ለዚህ አይደል የለፋሁት? እነዚያ የሰው አገር ፈረስ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች የእናቴን እንባ ያያሉ።»

«እማማስ?»

«እሷ እዚህ ናት። በምን ታየዋለች?»

ይህን ያለው ያ መልኩ ያልታየ ሕዝብ ብሎ የሚሟገት ሰው ነው። አፉና ልቡ ምን ያህል እንደሚራራቁ ወይም ምን ያህል እንደሚቀራረቡ መመዘን አቃተኝ። ይወዳታል፤ በዚህ አልጠራጠርም። ዳገቱ ላይ ቆሞ ያለቀሰውም የውሸት አልነበረም።

ምርጫው በደረሰ ጊዜ አባቴ ያለ ብዙ ድካም ተመረጠ። ድልድዩ አልመጣም፤ ግን ሰዉ፣ «ያለቀስንለትን ሰው ጥለን ማንን ልንመርጥ ነው?» አለ። ያ ባላባት እንኳ ምን ብሎ ይወዳደረው፣ የአገር ምሰሶ ብሎ ያለቀሰለት በገዛ አፉ ነው።

በዚያው ዓመት የአያቴ ዓይን ታመመ። አባቴ ሐኪም ያያት ብሎ አዲስ አበባ አስመጣን፤ ደብረ ታቦር ድረስ በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ዓይኗ በመድኃኒት ተሽሏት፣ ልንመለስ ስንሰናዳ፣ አንድ ቀን ቤቱ እንግዳ ሞላ። ያኔ በምክር ቤቱ የሳቁበት ሰዎች ናቸው። አባቴ ለዚያ ቀን ያስመጣው ሳጥን ከግድግዳው አጠገብ ተቀምጧል። አባቴ አዲስ ሸማ ለብሶ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻለም። ዛሬ የሚታየው ምን እንደሆነ ያወቅሁት ፊቱን አይቼ ነው።

«እማማ፣ ደክሞዎታል፤ ወደ ጓዳ እንግባ» አልኳት።

«ሰው መጥቶ ሳለ? ነውር ነው» አለችና ወንበሯን ወደ ፊት አስጠጋች። አባቴ አየኝ። እኔም አየሁት። እሱም ሁለት ልብ ሆኖ ቆመ፤ ሊከለክላት ፈለገ፣ ምን ብሎ ይከልክላት።

ሳጥኑ በራ። የኛ ሜዳ፣ የኛ ቤተ ክርስቲያን፣ የኛ ሰው አመድ ቀለም ለብሶ ታየ። አያቴ በመጀመሪያ ወደ ኋላ አለች፤ ቀጥሎ አንገቷን አስግጋ፣ «ይቺ እኔ ነኝ?» አለች።

«አዎ እማዬ» አለ አባቴ።

በቅሎዋ ወጣች። አያቴ በሳጥኑ ውስጥ ልጓሟን ይዛ ልጄ ተነሣ አለች፤ ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። ከእንግዶቹ አንዱ ከኪሱ መሐረብ አወጣ። ጠመንጃው ወጣ፤ ሁለተኛውም ግጥም ተሰማ። ከዚያ ሥዕሉ ተንቀጠቀጠና ጠፋ፤ ሌላ ሰው መጥቶ ይናገር ጀመር።

እንግዶቹ ተነሥተው አባቴን ይስሙት ጀመር። «ይህ ነው የራሳችን» ይላል አንዱ። «እኛ የሳቅንበት ነገር ይህ ነው?» ይላል ሌላው፣ ዓይኑን እየጠረገ። ከእንግዲህ በየአገሩ እየተሄደ እንዲሠራ ለመንግሥት እንናገራለን አሉ፤ ኋላም ተናግረዋል፤ ተሠርቷልም። አባቴ የፈለገውን ሁሉ ያገኘው በዚያች ሰዓት ነው። እውነቱንም ነበር። የኛን መልክ አይተው ያለቀሱ ሰዎች ከፊቴ ቆመዋል። ይህንን ክጄ ልጽፍ አልችልም።

አያቴ ግን ሳጥኑን እያየች አልተነሣችም።

«ልብሱስ?» አለች።

የሰማናት እኔና እሱ ብቻ ነን። አባቴ ከሰዎቹ እቅፍ ወጥቶ ከጎኗ በርከክ አለ።

«በቅሎዋ ታየች፤ ጠመንጃው ታየ» አለች በዝግታ፣ እንደሚያስታውስ ሰው። «ልብሱ አልታየም። አንተ ይህን ካነሱት ሰዎች ጋር ነው የመጣኸው። ልብሴ ሲወጣ ደረስኩ አላልከኝም?»

አባቴ በምክር ቤት ሰዓት ሙሉ ሳያርፍ የሚናገር ሰው ነው። ወደኔ አየ፤ እኔም የማበድረው ቃል አልነበረኝም። አያቴ መልሱን እየጠበቀች ፊቱን ታያለች፤ ገርሟታል እንጂ አልተቆጣችም።

«ለአገር ብዬ ነው እማዬ» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ያለቀስኩት ላንተ ነበር» አለችው።